የተማገደው ቃሬዛ

ሽብሩን ከቡሌ ተሸክመው ያመጡት ጎረቤቶቹ ናቸው። ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰብሯል። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ቁልቁለቱን እየተቀባበሉ ወርደው ዲላ ሆስፒታል ሲደርሱ ፀሐይ አዘንብላ ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርቆባቸዋል። በሽተኛውን አልጋ ላይ ካስተኙት በኋላም አንዳቸው እንኳ አረፍ አላሉም። መጀመሪያ ቃሬዛውን በቅጠል ጠረጉ፤ የላላውን ገመድ አጠበቁ፤ በረንዳው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። ውሃ የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት፣ በሃምሳ ስምንት ዓ.ም.፣ ለልምምድ ወደ ደራሳ አውራጃ የሚላኩትን የነርስ ተማሪዎች የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ። ቤሩት ለትምህርት ሳለሁ አገሬ ምን እንደሚያስፈልጋት አብጠርጥሬ አውቅ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ግን እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር በየወሩ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ ከዋርድ ወደ ዋርድ፣ ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ከወናጎ ወደ ዲላ እመላለሳለሁ። ሰው ትጉህ ነው ይለኛል።

የተማሪዎቹ ትምህርት ቤት ያወጣው ሕግ አጭር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ በሽተኛ ይረከብና ከገባበት ቀን ጀምሮ ድኖ እስኪወጣ ይከታተለዋል። በሽተኛው ቢሞት ተማሪው አይጠየቅም። ሳይድን ተነስቶ ከሄደ ግን ልምምዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በሽተኛን አሳምኖ ማቆየት የሙያው ግማሽ ነው ይላሉ።

ሽብሩ የደረሳት ለሮማነወርቅ ነበር።

ሮማነወርቅ የዚያው የዲላ ልጅ ናት። አባቷ ከሰሜን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው መጥተው እዚሁ አርፈዋል፤ እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ ገበያው ዳር ጨውና ጨርቅ ይነግዳሉ። ባለፈው ዓመት ተስቦ ይዟት ልምምዷን አቋርጣለች። ትምህርት ቤቱ አንድ ጊዜ እንድትደግም ፈቀደላት፤ ሌላ ጊዜ የለም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ የገበያው ሴቶች በሙሉ ያውቃሉ። ወይዘሮ አልጣሽ ጨው ሲሰፍሩ ሳይነግሩት የሚያልፉት ደንበኛ አልነበረም።

ፈረንጁ ሐኪም ራጁን አይቶ የሽብሩ እግር በክብደት እንዲወጠር አዘዘ። ከአልጋው ግርጌ መዘውር ተተከለ፤ በመዘውሩ ላይ ገመድ አለፈ፤ በገመዱ ጫፍ የአሸዋ ከረጢት ተንጠለጠለ። ሳምንታት እንዲህ ሆኖ መተኛት አለበት። ክብደቱ ከተፈታ የተሰበሩት አጥንቶች ይደራረባሉ፤ ሲገጥሙም እግሩ አጥሮ ይቀራል። በቡሌ ዳገትና ቁልቁለት ላይ እግሩ ያጠረ ገበሬ ኑሮው ምን እንደሚሆን ሐኪሙ አላስረዳንም፤ ማስረዳትም አላስፈለገውም።

"ይሄ አሸዋ ከእግሬ ጋር ምን ጠብ አለው?" አለ ሽብሩ ከረጢቱን እያየ።

"እግርዎን ወደ ቦታው እየጎተተ ነው ጋሽ ሽብሩ" አለችው ሮማነወርቅ።

"እስከ ቡሌ ድረስ እንዳይጎትተኝ ብቻ።"

ሳቀች። እሱም ሳቀ። የጠዋት ሻዩን ራሷ ታቀርብለታለች፤ ጀርባው እንዳይቆስል በአልኮል ታሽለታለች፤ ሚስቱ ሸዋነሽ ከጎኑ ሆና እያየች ትማራለች። ጥሩ ጀምረው ነበር።

ከተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ ወደ ገብሳቸው ተመለሱ። የሰፈሩ የቃሬዛ ማኅበር አለቃ ዘነበና ወንድይፍራው የሚባል ጎልማሳ ግን ቀሩ። ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ኮባ አንጥፈው ተቀመጡ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ አቶ ጓንጉል ባለፉ ቁጥር ያዩዋቸዋል።

"እነዚህ ሰዎች ምን ይጠብቃሉ?" አሉኝ አንድ ቀን። "አስታማሚ ከሆነ ሚስቱ አለች።"

ዘነበን ጠየቅኩት። "ጎረቤት ወጥቶ ሲቀር ዝም ብለን እንሂድ?" አለኝ። ለአቶ ጓንጉል የሚሆን መልስ አልነበረምና ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ነገሩ የሆነ ዕለት ጠዋት እኔ ወናጎ ነበርኩ። ክሊኒኩ ውስጥ የተመደቡትን ሌሎች ተማሪዎች አይቼ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሮማነወርቅ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። ወለሉ በፈሳሽ መድኃኒት ታጥቦ ይሸታል።

"ጋሼ፣ እዩልኝ! ጥግ ጥጉን ሳይቀር ነው ያጸዳሁት።"

"ጥሩ ነው" አልኳት።

"ያ ቃሬዛ እኮ ትኋን ነበረበት። ከቀርከሃው መጋጠሚያ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ደግሞ ደም የነካው ገመድ። በሽተኛ አጠገብ እንዴት ይቀመጣል? ለቆንጅት ሰጠኋትና ማገደችው።"

ቆንጅት የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ናት። በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ "ደረቅ ቀርከሃ ነው፤ እንደ ጧፍ ነደደ! የጠዋቱ ሻይ በእሱ ነው የፈላው" አለች።

ዘነበ ከዋርካው ሥር ተነስቶ ሲመጣ ያየሁት ያኔ ነው። ባዶውን ግድግዳ አየ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ጭስ አየ። አልጮኸም። የዘነበ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለእሱ ሁሉም አንተ ነው።

"ቃሬዛውን አንተ ሰበርከው?" አላት።

"እኔ ነኝ። ቆሻሻ ነበር ጋሽ ዘነበ። ስትሄዱ ከዚህ የተሻለ የሸራ ቃሬዛ እንሰጣችኋለን።"

ዘነበ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለ። ቀጥሎ ያስረዳን ቃሉን እየመረጠ ነው። በእነሱ ሰፈር ቃሬዛ ሲሠራ ከየቤቱ አንድ አንድ ቀርከሃ ይወጣል። ሰውን ይዞ ይሄዳል፤ ሰውን ይዞ ይመለሳል። በሽተኛው ድኖ በእግሩ ቢሄድ እንኳ ቃሬዛው አብሮት ይመለሳል። የሚሰበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መቃብር ላይ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ተሸካሚዎቹ ሰብረው እዚያው ይጥሉታል። ሰፈሩም ያኔ ሰውየው እንደማይመለስ ይቀበላል።

"ጋሽ ሽብሩ እኮ በሕይወት አሉ!" አለች ሮማነወርቅ።

"እኔም አየዋለሁ። ይተነፍሳል። ግን ቃሬዛው ተሰብሯል። ለሰፈር ምን ልበል? ሞተ ልበል፣ አልሞተም ልበል?"

ወደ ውስጥ ገባ። ተከተልነው። ለሽብሩ በጌዴኦኛ ነገረው፤ ነገሩ አጭር ነበር። ሽብሩ አልጋው አጠገብ ያለውን የቆርቆሮ ኩባያ አየ፤ ጠዋት የጠጣበትን። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ሚስቱን አንድ ቃል አላት። ሸዋነሽ ተነስታ ገመዱን ፈታች። የአሸዋው ከረጢት ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

"ጋሽ ሽብሩ፣ አይሆንም! እግርዎ!"

"የሞተ ሰው እግር ቢረዝም ቢያጥር ማን ይለካዋል?" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ቤቴ ውሰዱኝ።"

የሚወሰድበት ነገር ግን አልነበረም። የሸራውን ቃሬዛ አመጣንለት፤ ዘነበ ጫፉን እንኳ አልነካውም። የማንም ሰፈር ያልሆነ ቃሬዛ ነው አለ። በዚያ ይዘውት ቢወጡ በየመንገዱ የሚያገኛቸው ሰው ምን ይላል?

አቶ ጓንጉል ቢሯቸው ጠሩን። ወፍራም ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ በእርሳስ ጠረጴዛ ይመታሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ምንም አትጨነቂ" አሏት። "ቃሬዛ የለውም፤ ወደ ቡሌ መኪና አይወጣም። የት ይሄዳል? ዝም ብለሽ ተይው። ሲሰለቸው እግሩን ራሱ ይሰጥሻል። ትምህርት ቤቱ የጠየቀሽ በሽተኛው እንዳይወጣ ነው። አልወጣም!"

"እግሩስ ጋሼ?" አለች።

"እግሩን ያልፈለገው እሱ ነው።"

ፈረንጁ ሐኪም በዚያው ቀን ከሰዓት አይቶት ነበር። ክብደቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተመለሰ አጥንቱ እንደሆነ ሆኖ መግጠም እንደሚጀምር፣ ከዚያ በኋላ አልጋውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሮናል። ሮማነወርቅ ከቢሮው ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነበር። በቀጥታ ወደ ዋርካው ሄደች፤ ተከተልኳት።

ዘነበና ወንድይፍራው ሸዋነሽን አስቀምጠው ይነጋገራሉ። አገራቸው ቢሆን ሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌዎች በሚሸመግሉበት ሜዳ ይሆን ነበር፤ እዚህ የሆስፒታል ግቢ ነው፣ ከጎናቸው የታጠበ አንሶላ ተሰጥቷል። ሮማነወርቅ ነጭ ልብሷን ሰብስባ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ላድርግ?" አለች።

ዘነበ አያት። "የፈራኸው ለእግሩ ነው ለትምህርትህ?"

"ለሁለቱም።"

ዘነበ ራሱን ነቀነቀ። መልሱ ያስከፋው አይመስልም። "እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም" አለ። "ሆኖ ስለማያውቅ መላም የለውም። አሁን ነው የምንፈልገው።"

"አዲስ ቃሬዛ ትሠራላችሁ" አልኩ እኔ። "አለቀ።"

"እንሠራለን። ቀርከሃ ሞልቷል። አዲሱ ግን ባዶውን ሰው ያለበት በር አይገባም። ባዶ ቃሬዛ ከገባ ሊወስድ ነው የገባው። ምን ጭነን እናምጣው?"

"ገብስ ጫኑበት" አለ ወንድይፍራው። እሱ በቅርቡ ያመነ ጴንጤ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ድሮ ወግ ስለሚያየው ግማሹን እየቀለደ ነው። "በጸሎት ቤት ስብከት ሲነገር የሰማሁት ሽባ ሲድን አልጋውን ተሸክሞ ነው የሄደው። የኛው ሰው አልጋውን በሻይ ጠጣው።"

"ዝም በል አንተ" አለው ዘነበ፤ ከንፈሩ ግን ተንቀጠቀጠ።

እስካሁን ያልተናገረችው ሸዋነሽ ነበረች። ቀና ብላ ሮማነወርቅን አየቻት፤ ጥላቻ የለበትም፣ ሸክም የሚመዝን ሰው አስተያየት ነው።

"የሰበረው ይተኛበት" አለች።

አንሶላው በነፋስ ተርገበገበ። ዘነበ ቃሉን ለራሱ ደገመው፣ እንደሚቀምሰው ሁሉ። "የሰበረው ይተኛበት። ሽብሩ በመጣበት መንገድ፣ በቡሌ መውጫ፣ በገበያው በኩል። ጤነኛ ሰው ይዞ ከገባ ቃሬዛው ሰው መላሽ ነው።" ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። "ፍርዱ የድሮ አይደለም። ዛሬ እዚህ የፈረድነው ነው። እንቢ ማለት ይቻላል።"

ሮማነወርቅ ከመሬት ተነሳች። የከተማ ሰው፣ ያውም ክርስቲያን፣ በቁሙ ቃሬዛ ላይ አይተኛም። እናቷ እቤት ውስጥ እግሯን ወደ በር አድርጋ ብትተኛ እንኳ ጮኸው የሚቀሰቅሷት ሴት ናቸው። በገበያ መሃል በአራት ሰው ትከሻ!

ወደ ዋርዱ ስንመለስ መንገዱ ላይ ቆመች። "ጋሼ፣ ምን ይሉኛል?"

ምን እላታለሁ? የተማርኩት ሁሉ ይህን እንድከለክል ያዘኛል። የተማርኩት ሁሉ ደግሞ የዚያን ሰው እግር ከአሸዋው ጋር መልሶ ማሰር አልቻለም። "አላዝሽም" አልኳት። "አልከለክልሽምም።"

"ይሄማ መልስ አይደለም።"

"አይደለም።"

"ቃሬዛው ከተሠራ ደግሞ በዚያው ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ። አሁን እኮ የያዘው ቃሬዛ ማጣቱ ነው።" ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። "ጋሽ ጓንጉል ያሉት እውነት ነው። ዝም ካልኩ ልምምዴን እጨርሳለሁ።"

"ትጨርሻለሽ።"

"እሱ ደግሞ እያነከሰ ይወጣል።"

ገብታ ሽብሩን አየችው። ፊቱ አሁንም ወደ ግድግዳው ነው። ጀርባውን ልታሸው እጇን ስትዘረጋ አልተቃወመም፤ እንደ ዕቃ ዝም ብሎ ተገላበጠላት። ይህ ሳይሆን አይቀርም የወሰነላት። ወጥታ ዋርካው ሥር ሄደች። "ቀርከሃውን አምጡ" አለቻቸው።

ወንድይፍራው ወደ ቡሌ ወጣ። የገበያ ቀን ሲደርስ ከየቤቱ የወጣ አረንጓዴ ቀርከሃ ተሸክመው ብዙ ሆነው ወረዱ። ቃሬዛውን የሠሩት ከከተማው ዳር፣ የቡሌ መንገድ ከሚጀምርበት ነው። የእንሰት ቃጫ ገመድ እየፈተሉ፣ እየቀለዱ፣ አንዱ ሌላውን እየሰደበ። ሮማነወርቅ ነጩን ልብሷን እንደለበሰች መጣች። አቶ ጓንጉል ልብሱን እንድታወልቅ ልከውባት ነበር፤ ቃሬዛውን ስሰብር ይህንኑ ለብሼ ነው ብላ መለሰች።

"ከባድ ነህ?" አላት ዘነበ።

"በዚህ ሳምንት ምግብ አልበላሁም።"

"ጥሩ። ለኛ አሰብክ።"

ተኛች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ ነበር፤ የሬሳ እንደሚመስል ሲገባት ቶሎ ብላ ወደ ጎን ዘረጋቻቸው። አነሷት። እኔ ከጎን ሄድኩ።

ገበያው እስኪገባው ጊዜ አልፈጀም። ቡና ይዘው ከዱመርሶ የመጡ ሰዎች ጆንያቸውን አውርደው ቆሙ። አንዲት ሴት አማተበች። ሌላዋ "ወይኔ፣ የአልጣሽ ልጅ!" ብላ ጮኸች። ሮማነወርቅ ቀና ብላ "ደህና ነኝ! ምንም አልሆንኩም!" አለች።

"ተኛ!" አላት ዘነበ ከፊት ሆኖ። "በሽተኛ አይቀመጥም፤ ትከሻችንን ታጣምማለህ።"

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ወንድይፍራውን እጁን ያዘው። "ምን ሆና ነው?"

"ምንም። ደህና ነች።"

"ደህና ከሆነች ለምን ትሸከሟታላችሁ?"

"ደህና ስለሆነች ነዋ።"

ነጋዴው እኔን አየኝ። ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ያስረዳዋል ብሎ ነው። እኔም "እንዲያ ነው" አልኩና አለፍኩ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት መንገድ የለም፤ ሆኖም እግሬ ከቃሬዛው እኩል መሄዱን አላቆመም።

በሩን ገቡ። በረንዳውን ወጡ። በዋርዱ መሃል፣ በአልጋዎቹ መካከል አልፈው ሽብሩ አጠገብ አወረዷት። ሽብሩ ፊቱን አዞረ። አረንጓዴውን ቀርከሃ በመዳፉ ዳበሰው፤ ቋጠሮውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። ነጭ ልብሷ ላይ የቃጫ ቅራፊ ተሰክቶ፣ ፀጉሯ ተበታትኖ ቃሬዛው ላይ ተቀምጣለች።

"መንገዱ እንዴት ነው?" አላት።

"ይንጣል።"

"ከቡሌ ሲሆን ደግሞ!"

ሳቀ። ሲስቅ እግሩን አመመውና ሳቁን በማቃሰት ጨረሰው። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ፣ እሱ በሚያየው በኩል ተደገፈ። ሮማነወርቅ እጇን ታጥባ መጣች። እግሩን አልጠየቀችውም፤ ራሱ ብርድ ልብሱን ገለጠላት። ገመዱን በመዘውሩ አሳልፋ ከረጢቱን በአንድ እጇ እንዳነሳች የዋርዱ በር ተበርግዶ ተከፈተ።

ወይዘሮ አልጣሽ ነበሩ። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን አንድ እግር ብቻ አድርገው፣ ከኋላቸው የሚያለቅሱ ጎረቤቶች አስከትለው። ልጃቸው ቆማ ሲያዩ ጩኸታቸው ተቋረጠ።

"አንቺ!" አሉ። "አንቺ የሰይጣን ቁራጭ! በቁምሽ! በገበያ መሃል! ለዚህ ነው ጨው እየሰፈርኩ ያስተማርኩሽ?"

"እማዬ፣ ቆይ..."

"ምን እቆያለሁ! አሁኑኑ ትወጫለሽ። በዚያው መንገድ፣ በእግርሽ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ትሄጃለሽ። ሄዳ ቀረች ሊባል ነው?"

ከኋላቸው ያሉት ሴቶች "እውነት ነው፣ በእግሯ ትመለስ" አሉ። የሸዋነሽ ዓይን ከወይዘሮ አልጣሽ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ ከረጢቱ ሄደ። ማንም ባያስረዳትም ነገሩ ገብቷታል። ሌላ አገር፣ ሌላ እናት፣ ያው ሥጋት።

"እማዬ፣ አሁን ከለቀቅኩት እግሩ ይጣመማል። ይሄን ያዢልኝ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"አሸዋ ነው። ያዢው፤ ቋጠሮውን ላጥብቅ።"

ወይዘሮ አልጣሽ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከረጢቱ ግን እጃቸው ላይ ነበር። በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ቆሙ። ልጃቸው ቋጠሮውን አጠበቀች፤ ፈታች፤ እንደገና አሰረች። ሽብሩ ከአልጋው ሆኖ ያያቸዋል።

"እሜቴ" አላቸው በቀስታ። "አይዞዎት። እኔም ሰሞኑን ሞቼ ነበር።"

"ነፍስ ይማር!" አሉ ወይዘሮ አልጣሽ ሳያስቡት፣ በንዴት። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። ወንድይፍራው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወይዘሮዋ ምን እንዳሉ ሲገባቸው ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ቶሎ በይ እንጂ አንቺ፣ ክንዴ ዛለ!" ብለው ብቻ ጮኹ።

"ልቀቂው፤ ቀስ ብለሽ።"

ከረጢቱ ተንጠለጠለ። ገመዱ ተወጠረ። የሽብሩ ፊት ለአፍታ ጨፈገገና ተመለሰ።

ከዚያ እናቷ ክንዷን ይዘው ወሰዷት። በመስኮት አየኋቸው። በሩን ወጥተው በገበያው መንገድ ሲሄዱ ወይዘሮ አልጣሽ እያንዳንዱ ሱቅ ፊት ይቆሙና ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ልጃቸውን ወደፊት ገፋ ያደርጋሉ። ያልታየችበት በር እንዳይቀር ይመስላል፤ በዚህ አካሄድ ቤታቸው ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ከኋላቸው ጎረቤቶቻቸው ነጠላቸውን እያቀኑ ይከተላሉ።

ተሸካሚዎቹ አልጋው ዙሪያ ቆመው ነበር። ቃሬዛው አለ፤ ሰዎቹ አሉ፤ ቀኑም ገና ነው። ዘነበ ሽብሩን በጌዴኦኛ ጠየቀው። እንውሰድህ ወይ እንዳለው ለመረዳት ትርጉም አላስፈለገኝም። ሽብሩ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጅቷ ትመለሳለች?" አለኝ።

እናቷን አሰብኩ፤ ቤት ዘግተውባት እንደሆነስ? አቶ ጓንጉልን አሰብኩ፤ እርሳሳቸውን። ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ሰው አንድ ነገር ጠይቆኝ ሳላንገራግር የመለስኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

"ትመለሳለች" አልኩት።

"እንግዲያው እሷ እስክትመጣ አንተ እዚህ ተቀመጥ። አሸዋውን ጠብቅ።"

ተቀመጥኩ። ዘነበ ለተሸካሚዎቹ ምልክት ሰጣቸውና ወደ ዋርካው ወጡ። ሽብሩ ዓይኑን ጨፈነ። ገመዱን እያየሁ፣ ሳልነሳ፣ ጥላው ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፍ እዚያው ቆየሁ። በመጨረሻ በረንዳው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሮማነወርቅ ገባች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ልብሷን ቀይራለች፣ ሌላ ነጭ ነው። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አየች።

"ማን ነካው?" አለችኝ።

"ማንም።"

"ላልቷል እኮ" አለችና አጠበቀችው።

ሽብሩ ዓይኑን ሳይገልጥ ሚስቱን በጌዴኦኛ አንድ ነገር አላት። ሸዋነሽ ተነስታ በረንዳው ላይ ወጣችና ወደ ዋርካው ተጣራች። ሰዎቹ ቃሬዛውን ትተው፣ ስንቃቸውን አንስተው ወደ ቡሌ መንገድ ሲወጡ አየን። ዘነበ ብቻ ኮባውን አስተካክሎ ተቀመጠ።